አዲስ ኮፈን

«ኮፈን አኒጋ ቢሒየይ» ሲል ነው ብርቅነሽ የሰማችው። ሽንት ቤት ወረፋ ይዛ ቆማ ነበር። ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ የተከራዩበት ግቢ ስድስት ክፍልና አንድ ሽንት ቤት ስላለው ጠዋት ጠዋት የማይሰማ ነገር የለም፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሲያስል እንዳደረ፣ የማን እናት ከአገር ቤት ደውላ እንዳለቀሰች። ታናሽ ወንድሟ ኪዱ ግን ወሬውን ሊደብቅ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዙሮ ነበር ስልኩን የያዘው። ናጂብ ብሎ ስም ጠራ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ ከዚያ ያንኑ ደገመው፤ ኮፈን አኒጋ ቢሒየይ። ዞር ሲል ከእህቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «እንዴት አደርሽ እታለም» ብሏት አለፈ። እንዲህ አንገቱን ሰብሮ እንዴት አደርሽ ያላት መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

የብርቅነሽ ሶማሊኛ የገበያና የልብስ አጠባ ሶማሊኛ ነው። ሀርጌሳ ከመጣች ጀምሮ የሆቴል አንሶላ እያጠበች የለቀመችው ነው። ስንት ነው፣ ቀንስ፣ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ነገ ነይ፤ ከዚህ ካለፈ ጆሮዋ ይደክማል። «ሶ ቢሒ» የምትለዋን ግን አሳምራ ታውቃለች፣ የሆቴሉ ኃላፊ ሴትዮ አንሶላውን ከየክፍሉ አውጪ ስትላት ሁልጊዜ የምትጮኽባት ቃል ናት። እንግዲህ ቢሒየይ ማለት አወጣሁ ነው። ኮፈን ደግሞ ምኑ ይተረጎማል፤ የመኪና ሞተር ክዳን ነው። ኪዱ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥና ቀለም ሲረጭ የሚውል ሰው ነው፤ እራት ላይ እንኳ ከኮፈንና ከፓራፋንጎ ውጪ ጨዋታ አልነበረውም። «ኮፈኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ነው ያለው። ከየትኛዋ መኪና? በር ላይ ከቆመችው ቪትስ ነዋ።

ብርማ ቪትስ ናት። ኪዱ ናጂብ የሚባል የጋራዡ ደንበኛ ሊሸጣት ይፈልጋል ብሎ ከጥቂት ቀናት በፊት አመጣት። መሪዋ በቀኝ ነው፣ ቁልፍ ሲዞር በጃፓንኛ የሆነ ነገር ትናገራለች፣ ወንበሯ ገና ላስቲኩ አልተነሳም። እንዲህ ያለችውን ከተማው ውስጥ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር በታች የሚሰጥ የለም፤ ናጂብ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ትሂድልኝ አለ። ብርቅነሽ ዋጋውን የሰማች ቀን ደስ አላት፣ በማግሥቱ ግን ደስታዋን ራሷ ጠረጠረችው። ሰው እንዴት ንብረቱን በግማሽ ዋጋ ይጥላል? ደግሞም ኮፈኑ ከቀሪው ገላ በላይ ያበራል። አዲስ ቀለም ነው። ኪዱ ባይነግራትም ስትነካው ጣቷ ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ ኪዱ መኪናዋን ሲያመጣ መሪ የያዘው ሌላ የጋራዥ ልጅ ነበር። እሱ ከኋላ በእግሩ ነው የመጣው። መንጃ ፈቃድ ያለው፣ መኪና ካየ እጁን የሚበላው ሰው ከጋራዥ እስከ ዳሚ በእግሩ።

ይህን ሁሉ ከበርበራው ጉዞ ጋር አገናኘችው። ከሁለት ወር በፊት ኪዱ ድንገት ደውሎ «ሥራ ተገኝቶ በርበራ ልሄድ ነው» ብሎ አንድ ሳምንት ጠፍቶ ነበር። በዚያኑ ቀን ቀደም ብሎ፣ እሷ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ሆና፣ ነጭ አቡጀዲ የት እንደሚሸጥ በስልክ ጠይቋት ነበር። ቀለም መጥረጊያ ይሆናል ብላ አንሶላ የምትጠግንበትን ጨርቅ የምትገዛበትን ሱቅ ነገረችው። ከበርበራ ሲመለስ ከስቶ ነበር፣ ወሬውንም ጥሎ ነው የመጣው። በርበራ ወደብ ነው፣ ከዱባይ የሚመጣው መኪና ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። ብርቅነሽ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። የሌባ መኪና ነው፣ ኮፈኑን ቀይረው መልኳን አጥፍተዋል፣ ወንድሜም እጁን ነክሯል አለች።

መኪናዋን ግን ፈልጋታለች፣ ይኼ ነው ያቃጠላት። ከአጠባዋ የምታገኘውን ግማሹን የሚወስደው ባጃጅ ነው። ባለፈው ወር ባጃጁ ዘግይቶባት አንሶላው ሳይደርስ እንግዶች ገብተው፣ የሆቴሉ ኃላፊ ሴትዮ «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚውና ታያለሽ» ብላታለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ለዚህ ብላ ነው። ናጂብ መልስ የሚጠብቀው እስከዚያው ቀን ማታ ነበር። ግን የተሰረቀች መኪና ሐበሻ እጅ ላይ ብትገኝ ማን ቆሞ ይሰማል? ለሷና ለወንድሟ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ድረስ የሚሸኝ ፒካፕ አያጡላቸውም፣ ያውም ከታሰሩ በኋላ።

«ልሞክራት ነው» አለችው ቁርስ ላይ። «አንተ ንዳና እኔ ጎንህ ልቀመጥ።»

«ሥራ አለኝ። አንቺ ንጂ።»

«ከሥራ ቦታህ ላድርስህ በቃ።»

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለና ቁልፉን እጇ ላይ ሳይሆን የበርሜሉ ክዳን ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሻዩን አልጨረሰውም። ብርቅነሽ ብርጭቆውን እያየች፣ ሊታይባት የማይፈልጋትን መኪና ለኔ ሊያስታቅፈኝ ነው ብላ ተናደደች።

ትራፊክ ቢሮው ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ጸሐፊ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጦ የሻንሲ ቁጥሩን ከስልኳ ፎቶ ላይ አይቶ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባ። ሶማሊኛዋን ሲሰማ ወደ እንግሊዝኛ ሄደ፣ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛውን ትታ ፊቱን ማንበብ ጀመረች። ስክሪኑን አየ። ታርጋውን ጠየቃትና ሰጠችው። እንደገና አየ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን በክርኑ ነካ። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ፣ ባልደረባው ብድግ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጪ፣ ወደ ቪትሷ ተመለከተና ተቀመጠ።

«ስቶለን? ኖ» አለ ጸሐፊው። «ስቶለን የሚል ሪፖርት የለም።»

ስቶለን የሚለውን ቃል ጫን አድርጎ ነው ያለው። ታዲያ ሌላ ምን የሚል አለ ብላ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ቃል አጠራት። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ብርቅነሽ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች፣ ቁልፉን አዞረች፣ መኪናዋ በጃፓንኛ የተለመደውን ተናገረች። ምናልባት ይቺ ብቻ ናት እውነቱን የምትነግረኝ፣ ይገባኝ ይመስል ስትል በራሷ ሳቀች። አገሬው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ይህ ስሜት ለስደተኛ አዲስ አይደለም።

ከቀትር በኋላ ወደ አዴር አደን ሄደች። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሽማግሌው አደን የግቢው ባለቤት ነው፣ የሷና የኪዱ ዋስም እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተሰዶ ጂጂጋ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ ይችላል፣ አማርኛውንም ይወደዋል። ምንጣፉ ላይ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን ሊጀምር ነበር። ፔርሙዙን አስጠግቶ ሻይ ቀዳላትና እስክትጠጣ ጠበቀ።

«አዴር፣ እርስዎ ዋሴ ነዎት» አለችው። «ይቺ መኪና የሌባ ሆና ብትገኝ መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎን ነው። ስለዚህ አልደብቅዎትም።»

«ማን የሌባ አለሽ?»

«ቢሮው ንጹህ ናት አለኝ። ግን ኪዱ ዛሬ ጠዋት በስልክ ኮፈን አውጥቻለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

አዴር አደን ወደ አፉ ያነሳትን ቅጠል መልሶ አስቀመጣት። «በአማርኛ ነው ያለው?»

«በሶማሊኛ።»

«ኮፈን ነው ያለው? በደንብ ሰምተሻል?»

«በጆሮዬ!»

ሽማግሌው የጫቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ። ብርቅነሽ ነገሩን አልወደደችውም፤ እሱም ያውቃል አለች በሆዷ፣ ምናልባት ከሽያጩ የሚደርሰው ነገር ይኖር ይሆናል። ይህን ያሰበችው ሕፃን ሳለች አባቷ ከሞተ ወዲህ አባት የመሰላትን ሰው ነው፣ ግን አሰበችው።

«እኛ የጠፋ ግመል ያገኘን እንደሆነ» አለ በመጨረሻ «ውሃ ዳር ወስደን እናቆመዋለን። ሰው ሁሉ ለውሃ ይመጣል። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ካለ አፉን ይከፍታል። አንቺም መኪናሽን ለዐስር ሰላት መስጊድ በር ላይ አቁሚ፣ በሮቿን ሁሉ ክፈቺና አጠገቧ ቁሚ። የሚያውቃት ይመጣል።»

«እዚህ ዳሚ ያለው መስጊድ?»

«አይደለም። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ነው የምትሄጂው፣ ከውሃ ታንከሩ ወዲህ ያለው።»

«ለምን እዚያ?»

«እዚያ አቁሚ» ብሎ ቅጠሉን አነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ ነው ያወራው።

መስጊዱ ትንሽ ነበር፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ አቧራማ ሜዳ። ብርቅነሽ ሻሿን አጥብቃ፣ ከጫማ ማውለቂያው ራቅ አድርጋ አቆመችና አራቱን በሮች ከፈተች። የኋላውንም ከፈተች። እንዲህ የተከፈተች መኪና አጠገብ የቆመች ሐበሻ ሴት ምን እንደምትመስል ያወቀችው ሰላቱ አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ መኪናው የማን እንደሆነ ጠየቃት። የኔ አይደለም ስትለው ታዲያ ለምን ከፈትሽው አላት። ሌላው ሊብሬ አምጪ አለ። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ታርጋውን ፎቶ አነሳ። ብርቅነሽ ሌባ ልትይዝ መጥታ ሌባ ሆና መቅረቷ ነው። የአዴር አደንን ስም ጠራች፣ ስሙ ሰራና ሰዎቹ እያጉረመረሙ ለቀቋት፣ ግን ራቅ ብለው መመልከታቸውን አልተዉም።

ሜዳው ሲጸዳ አንድ ቀጭን ሰው ቀረ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ጺሙ ላይ ጥቂት ሽበት ያለው ሰው ነው። በመኪናዋ ዙሪያ ዞረ። የውስጡን አላየም፣ ሊብሬ አልጠየቀም። ከፊት ለፊቷ ሲደርስ ቆመና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ ቀለሙ በጣም በሚያበራበት ቦታ። ብርቅነሽ ቀረብ አለችው። ይኸው ባለቤቱ መጣ አለች። ንብረቱን ያወቀ ሰው እጅ እንዲህ ነው የሚያርፈው።

«ልገዛት ነው» አለችው በተሰባበረ ሶማሊኛዋ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስታኝከው የዋለችውን ነገር አውጥታ ጠየቀችው። «ኮፈን ዑሱብ። ያ ቢሒየይ?» ኮፈኑ አዲስ ነው፣ ማን ነው ያወጣው ማለቷ ነው።

ሰውዬው እጁን አነሳ። ትኩር ብሎ አያት። ሳይቆጣ፣ ለረጅም ጊዜ።

«ሐበሻው ልጅ» አለ።

ብርቅነሽ በሩን ተደገፈች። አለቀ፣ ወንድሜን ሰው ያውቀዋል፣ በስም ባይሆን በመልክ ያውቀዋል አለች። ሰውዬው ግን ገና አልጨረሰም። ሶማሊኛዋ ደካማ መሆኑን አይቶ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ ያልገባትን በእጁ እያሳየ ቀጠለ። ሐበሻው ልጅ ከሆስፒታል ወጣ። ሁሉም ሸሸ አሉ። እሱ ግን ገበያ ሄዶ ገዝቶ ተመለሰ። ብርቅነሽ ግራ ገባት፤ ኮፈን ከሆስፒታል ጋር ምን አገናኘው? ሰውዬው ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በመካከላቸው ያለውን አሳያት። ትንሽ ነበር፣ የአንድ ትንሽ ልጅ ቁመት።

«ይህችን ታህል ነበር የሚበቃው» አለ። «እሱ ግን ብዙ ገዛ። የአዋቂ ሰው ያህል ገዛ።»

«ምኑን?»

«ከፈን።»

ከፈን አለ፣ ኮፈን አላለም። ብርቅነሽ የወሎ ልጅ ናት፣ ያደገችው ሙስሊም ጎረቤት መሀል ነው፣ ይህን ቃል፣ የሬሳ መግነዣውን ነጭ ጨርቅ ስም፣ ለቅሶ ቤት ስትሰማው ኖራለች። ጆሮዋ ከመኪና ጋር ስለዋለ እንጂ። ቢሒየይም ከክፍል አንሶላ ማውጣት ብቻ አይደለም ለካ፤ እኛስ ገንዘብ አወጣሁ እንል የለ? ከፈኑን የከፈልኩት እኔ ነኝ ነው ያለው ወንድሟ። እሷ ደግሞ የልጁን አባት መስጊድ በር ላይ አቁማ፣ አዲስ ከፈን ነው፣ ማን ነው የከፈለው ብላ ጠየቀችው።

መሀድ እባላለሁ አላት። የልጁ ስም ሰሀል ነበር አለ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ነበር። ኪዱ ተጠግና የነበረችውን ይህችኑ መኪና ሊሞክር ከጋራዥ ወጥቶ ሳለ፣ ሰሀል ከውሃ ጋሪ ጀርባ ሮጦ ወጣ፣ መኪናዋም መታችው። መሀድ «የማንም ጥፋት አይደለም፣ ከአላህ ነው» ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ብዙ ጊዜ ብሎት ያለቀ ነገር ይመስላል። ኪዱ ልጁን ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰው። ከዚያ ያ አቡጀዲ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሳምንት። የናጂብ ሽማግሌዎችና የመሀድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ አዴር አደንም በዋስነቱ አብሮ ተቀመጠ፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ብርቅነሽ በርበራ የሚለውን ቃል አፏ ላይ ይዛ ዋጠችው። ይቅር በሉን ለማለት የሚሆን ሶማሊኛ ፈለገች፤ ገበያ ውስጥ ስትገፋ የምትለው ብቻ መጣላት፣ እሱን ለማለት አፈረች። አለቀሰች። መሀድ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና እስክትጨርስ ቆመላት።

«ግዢያት» አለ መጨረሻ ላይ። «ዕቃ ናት። ብቻ ያ ሰማያዊ በር የኛ ነው። በዚያ አትለፊ። እናቱ የሞተሩን ድምፅ ታውቀዋለች።»

በሮቹን አንድ በአንድ እሱ ራሱ ዘጋላት። ቀስ ብሎ ነው የዘጋቸው።

ግቢ ስትገባ ኪዱ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከላዩ በገመዱ ላይ የሆቴሉ አንሶላዎች ደርቀው ይውለበለባሉ። መኪናዋን አላየም፣ ወደ መሬት ነው የሚያየው።

«ቢሮ ሄደሽ ነበር አሉኝ» አለ። «ምን አሉሽ?»

«የተሰረቀች አይደለችም አሉኝ።»

«አይደለችም» አለ። ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ዓይኗ ማበጡን አየ። ሌላ ነገር እንድትለው የሚጠብቅ ይመስላል። ሌባ ነህ ብትለው እሺ የሚል ይመስላል።

«መሀድን አገኘሁት።»

ኪዱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ናጂብ ወጪህን ከዋጋው ልቀንስልህ እያለኝ ነበር ጠዋት» አለ። «ኮፈኑን ያቃናሁበትን ቀንስ አልኩት። ሌላውን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እሱን ተወው አልኩት።» ከዚያ ደግሞ «ሰው አይገዛትም እታለም። ከተማው ያውቃታል። ቢያንስ ላንቺ ትጥቀም ብዬ ነው» አለ።

ብርቅነሽ ቀኑን ሙሉ ወንድሟ ሌባ እንዳይሆን ስትፈራ ውላ፣ አሁን ምነው ሌባ ብቻ በሆነ ብላ ከልቧ ተመኘች። ሌባ ቢሆን በጥፊ ትለው ነበር፣ ትረግመው ነበር፣ ከዚያ ሂድና የወሰድከውን መልስ ትለው ነበር።

«በላይኛው መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ» አለችው። «በነሱ በር አላልፍም።»

«እኔ አልሳፈርም።»

«አንተማ አትሳፈር።»

ተነስታ ከገመዱ አንሶላ አወረደች። ትልቅ ነው፣ ለብቻ አይታጠፍም፤ ወትሮ የጎረቤት ሴት ትጠራለች። ኪዱ ሳትለው ተነሳና ሌላውን ጫፍ ያዘ። ጎተቱት፣ አቃኑት፣ ከዚያ ተቀራረቡና ጫፍ ከጫፍ አገናኙ።

«አቡጀዲውን ከየት ገዛኸው?» አለችው በዝግታ።

«አንቺ ከነገርሽኝ ሱቅ ነዋ» አለ። «ምን ልታደርገው ነው፣ ልትሞሸር ነው ወይ ብለሽ ስቀሽብኝ አልነበር?»

አስታወሰችው። ያን ቀን ብዙ ነበር የሳቀችው፣ እሱም ስልኩን ሳይዘጋ ሳቋን እስክትጨርስ ጠብቋታል። አንሶላውን ከእጁ ተቀብላ ሳፋው ላይ አኖረችው። ገመዱ ላይ ገና ብዙ ቀርቷል። ሁለተኛውን አወረደች፣ ኪዱም ጫፉን ያዘ።